ላስቲኩ ያልወለቀለት ሚኒባስ

መኪና እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሮጊት ቤተ ክርስቲያን ትወዳለች፣ የልጅ ልጅ ትወዳለች፣ ቢበዛ የምትታለብ ላም ትወዳለች፤ መኪና ስትወድ ግን አእምሮዋ የላላ ይመስላቸዋል። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ዳቦ እየሸጥሁ ነው። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ብርጭቆ ሳጥብ፣ የሚመጣው የማን መኪና እንደሆነ በድምፁ እለይ ነበር። የትኛው ሾፌር ማርሹን እያስለቀሰ ዳገት እንደሚወጣ፣ የትኛው ደግሞ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ላይ ቆሞ እንደሚወርድ፣ ሲደርስ ከሚሸተው ሽታ አውቅ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርሰው ልጅ መጣ። መኪናን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም።

ስለዚህ ሐሳቤን ብናገር ቅር የሚለው አይኑር። ባጃጅ ለኛ አገር አልተፈጠረም። የኛ መንገድ ሁለት የጎማ ዱካ አለው፤ ባጃጅ ሦስት ጎማ አለው፤ ሦስተኛው ጎማ መሐል ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ሲጣላ ይውላል፤ የተሳፋሪው ወገብም አብሮ ይጣላል። የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ጥሩ መኪና ነው፤ ቁመቱም ጉልበቱም አለው፤ የሚያናድደኝ ኋላው ባዶ ሆኖ፣ መንገድ ዳር የቆመች ነፍሰ ጡር አቧራ አልብሶ ማለፉ ነው። ይህ የመኪናው ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባየሁት ቁጥር እሰድበዋለሁ። የምወደው ቅጥቅጥን ነው። ከሥሩ የጭነት መኪና ነው፤ ከላዩ እዚሁ አገር በመዶሻ የተቀጠቀጠ የአውቶብስ ገላ ተጭኖበታል። መልክ የለውም። መስኮቱ ሲዘጋ አይከፈትም፣ ሲከፈት አይዘጋም። ግን ከፍ ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለው ባሌስትራ ቢሰበር የመንደር ብረት ሠሪ ይጠግነዋል፤ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ የገብስ ኩንታልም፣ አልጋም፣ በግም ይወጣል።

ከመኪና ቀጥሎ የሚያናድደኝ የቤት ዕቃ ነው። ሴት ልጄ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ካርቶን ትልካለች። አንዴ የጁስ መፍጫ ላከች። መብራት ሲኖር ፍሬ አይኖርም፤ ፍሬ ሲኖር መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አበባ የተሳለበት ፔርሙስ ላከች፤ አበባው እስከ ዛሬ አልደበዘዘም፤ ሻዩ ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ይቀዘቅዛል። በሰው እጅ ከተሠራ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ውኃ ይቀዳበታል፣ ሲቀደድ አንገቱ ተቆርጦ እህል ይሰፈርበታል። እሱን ግን ማንም ዳንቴል አያለብሰውም።

ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ላስቲክ ነው። እኛ ሰዎች አዲስ ዕቃ ገዝተን ላስቲኩን አናወልቅም። የወንድ ልጄ ቤት ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ በላስቲኩ ነው፤ ስንቀመጥ ይንኮሻኮሻል፣ ስንነሣ ቀሚሳችንን ይዞ ያስቀራል። ፍሪጁም በላስቲኩ ነው። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ከላስቲኩ ሥር ቆሽሾ ቁጥሩ አይታይም። «ለምን አታወልቁትም?» ስል፣ ልጄ «እንዳያረጅ ነው እናቴ» ይለኛል። ሳንጠቀምበት እኛው ቀድመን እናርጅ እንዴ?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሴት ልጄ ልትመለስ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ይዛ፣ አንድ መኪና ተገዝቶላት፣ መካነ ሰላምና ወግዲ መሐል ሰው እያመላለሰ እንዲያኖራት ትፈልጋለች። የሚነዳው ወንድሟ ነው። ሌላ ያላት ነገር የለም። መሬት የላት፣ ቤት የላት። መኪናው ከሠራ እዚህ ትኖራለች፤ መኪናው ከተኛ ተመልሳ ትሄዳለች። ተመልሳ ከሄደች ደግሞ እኔ በሕይወት ሳለሁ አላያትም። ነገሩ ይኸው ነው፤ እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው።

ሁለት መኪና ቀረበልን። አንደኛው የጎረቤቴ ቅጥቅጥ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን መኪና ነድተው ጉልበታቸው ከዳቸውና ሊሸጡት ፈለጉ። የሞተሩን ድምፅ ከራሴ ሳል እኩል አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ደላላ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነጭ ሚኒባስ ነው። አዲስ መሆኑን አልክድም። እንደ እንቁላል ያበራል፤ ከሾፌሩ ፊት እንደ ቴሌቪዥን የሚበራ መስታወት አለው። ወንበሩ ሁሉ በላስቲክ ተሸፍኗል። ሆዱ ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ወንድ ልጄ ነጩን አንዴ እንዳየ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«እናቴ፣ ይኸ ነው መኪና!» አለኝ።

«ለየት አገር?»

«ለኛ ነዋ! ሰው ዛሬ ምቾት ይፈልጋል።»

«ሰው ዛሬ ወግዲ መድረስ ይፈልጋል።»

ተናደደና «ሌላ ሰው ሳይቀድመን ነገውኑ እንጨርሰው» አለ። እኔ ደግሞ «የገንዘቡ ባለቤትስ?» አልሁት። «እሷ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። እሷ ስለ መኪና ባታውቅ ስለ ላቧ ታውቃለች። ያን ዕለት የማርያም ማኅበር ተራዬ ነበርና ቤቴ በሴቶች ሙሉ ነበር። በነሱ ፊት ተነሥቼ ተናገርሁ፦ ሁለቱም መኪና ይሞከር፤ ልጁ በስልኩ ይቅረጸው፤ ለእኅቱ ይላክላት፤ እሷ የመረጠችው ይገዛል፤ እኔም ብሆን ከቃሏ አልወጣም። ሴቶቹ «ደግ ብለሻል» አሉ። ልጄ ትከሻውን ሰበቀ። እኔ በልቤ ሙከራውን ካየች ምርጫዋ ግልጽ ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ።

የመኪና መሞከሪያ ዘዴዬ የታወቀ ነው። ባዶ መኪና መሞከር ከንቱ ነው። ባዶውን ማንም ይነዳዋል። መኪና የሚታወቀው በልቶና ጠጥቶ የጠገበ የማኅበር ሴት ሞልቶበት፣ በየጭኑ ሞሰብና እንስራ ተይዞበት፣ ከከተማ ወጥቶ የጅረቷን ማቋረጫ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ጠላው እንዳለቀ ሁሉንም አስነሣሁና «ተሳፈሩ» አልኋቸው። እምቢ ያለች የለችም። በነጻ መኪና መሳፈርን እምቢ የምትል ሴት በኛ ወረዳ በቦረና ውስጥ አልተወለደችም።

መጀመሪያ በቅጥቅጡ ሄድን። የሚወራ ነገር የለውም። ተንገጫገጭን፣ አቧራ ጠጣን፣ ጅረቷን ተሻገርን፣ ተመለስን። ሐጂ ከመሪው ላይ ሆነው «አብሽሩ፣ አብሽሩ» ይሉናል። ሴቶቹ መዝሙር እየዘመሩ ወረዱ።

ወደ ነጩ ስንሄድ ደላላው በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኸ ሳይገዛ እንዲህ አይሞከርም።»

«ለምን?»

«ላስቲኩ ይበላሻል።»

«የምትሸጠው ላስቲኩን ነው መኪናውን?»

«ወላሂ እማማ፣ እርስዎን አክብሬ ነው። ቢያንስ እንስራው ይቅር።»

«እንስራው ተሳፋሪ ነው። ገበያ ቀን ምን ይዘው የሚመጡ መሰለህ? ቦርሳ?»

ሴቶቹ በጎኑ እየተሽሎከሎኩ ገቡ። ልጄ ከፊት ጋቢና ተቀምጦ ስልኩን ወደኛ አዞረ። ደላላው ራሱ ሊነዳ ገባ። ከተማው ውስጥ እያለን ደኅና ነበር፤ እንደ ውኃ ይፈሳል። ልጄ «አያችሁ?» ይላል። ከከተማ ወጥተን የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ስንደርስ ግን ላስቲኩ ሥራውን ጀመረ። የግራ ረድፍ በሙሉ ተንሸራቶ ቀኝ ረድፍ ላይ ወደቀ።

«ኧረ ያዙኝ!»

«ምንሽን ልያዝ? እጄ ሞሰብ ይዟል!»

«የማን ጭን ላይ ነው የተቀመጥሁት?»

«የኔ ነው፤ ተነሺ፣ ባሌ እንኳ እንዲህ አልከበደኝ።»

በሚቀጥለው ጥምዝ ደግሞ የቀኙ ረድፍ ብድሩን መለሰ። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እኔ አልሳቅሁም። «ረጋ በል!» ብዬ ደላላውን ጮኽሁበት። እሱ «ላስቲኩ ሲወልቅ ይስተካከላል፣ እማማ» ይለኛል። «እና አውልቀዋ!» ስለው «ከተሸጠ በኋላ» ይላል። ልጄ ደግሞ ዞር ብሎ «ለምን ይወልቃል? ወንበሩ ይቆሽሻል» አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሰው እየወደቀ ለወንበር ይታዘናል።

ጅረቷ ጋ ስንደርስ ከሥራችን አንድ ነገር «ጓ» አለ። መኪናው ቆመ። ሳቁም ቆመ። «ውረዱ» አልሁ። ወረድን። ባዶውን ሲሆን እያቃሰተ ተሻገረ። እኔ ነጠላዬን ጠቅልዬ ድንጋዩ ላይ ተንበረከክሁና አንገቴን ከሥሩ አስገባሁ። የሞተሩ ዘይት መያዣ ላይ በጥፍር እንደተጫረ ያለ መስመር አየሁ። አልፈሰሰም። ጣቴን ዘርግቼ ለካሁ፤ ከዘይት መያዣው እስከ ድንጋዩ የኔ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

«እማማ፣ ይኸ ምንም ማለት አይደል» አለ ደላላው ከላይ ሆኖ።

«ምንም ከሆነ ናና አንተ ተኝተህ እየው።»

አልተኛም። ሱሪው ንጹሕ ነበር።

ልጄን ይህንንም ቅረጽ አልሁት። መቼም ደግ ልጅ ነው፣ እያጉረመረመም ቢሆን ቀረጸ። ከላከላት በኋላ የደወለችው እኛ ከተማ ተመልሰን በራፌ ላይ ቆመን ሳለን ነው። ሁለቱም መኪኖች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሴቶቹ ወደየቤታቸው አልሄዱም፤ የሚሆነውን ሳያዩ ማን ይሄዳል? ሐጂም በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጄ ስልኩን ሰጠኝ። ፊቷ ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ገብታ፣ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«እማ፣ አየሁት።»

«አየሽ አይደል? ሴቶቹ እንደ ድንች ሲንከባለሉ?»

«ሳቄ አምልጦኝ ሰሙኝ ብዬ ደነገጥኩ።»

«ሆዱንስ አየሽ? ድንጋዩ የላሰውን?»

«አየሁ።»

«በይ እንግዲህ፣ የመረጥሽውን ተናገሪ፤ ሰው ሁሉ ይሰማል።»

«ነጩን።»

የሰማሁ አልመሰለኝም። «የቱን?» አልኋት።

«ነጩን እፈልጋለሁ እማ።»

ልጄ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞሬም አላየሁት። ለልጅቱ ሁሉንም ነገርኋት። ድንጋዩን፣ ክረምቱን፣ ጭቃውን፣ መለዋወጫው ደሴ እንኳ እንደማይገኝ፣ ሐጂ ቅጥቅጡን በሽቦ ጠግነው ክረምቱን ሙሉ እንደነዱት። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ እዚህ ቤት የለበስኩት ሁሉ እመቤቲቱ የጠላችው ነው። ጫማዬ የልጇ ነው። ይኸ የማዋራሽበት ስልክ መስታወቱ ሲሰነጠቅ ነው የደረሰኝ። ጧት ጧት ደግሞ ሥራዬ ሳይሆን የነሱን መኪና አጥባለሁ። በሩን ከፍቼ ወንበሩን ስጠርግ፣ አዲስ ነገር የሚሸተው ሽታ አለ አይደል? አንድ ቀን የኔም እንዲህ ይሸታል እያልኩ ነው የኖርኩት። እኔ ስመጣ ሌላ ሰው የጨረሰው መኪና ይጠብቀኝ?»

«ቢሰበርስ?»

«ቢሰበር የኔ ይሰበራል።»

«ከተሰበረ ተመልሰሽ ልትሄጂ ነው?»

ከጀርባዋ ሴት ስትጣራ ተሰማ። «ጠሩኝ እማ» አለችና ስልኩ ጠፋ።

ስልኩን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። የምናገረው ሞልቶኝ ነበር። ልጅቱ ተሳስታለች። እኔ ስለዚያ መንገድ፣ ስለዚያ ድንጋይ፣ ስለ መኪና ሆድ የማውቀውን እሷ አታውቅም፤ ይህን ዛሬም ብትጠይቁኝ እለዋለሁ። ሳላማክራት ቅጥቅጡን ባስገዛው ማን ይከለክለኛል? ተመልሳ መጥታ ብትቆጣ ትቆጣ፤ እዚህ ሆና ትቆጣለች። ይህን በእውነት አሰብሁት።

የማኅበር እኅቶቼ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያቺ በሚኒባሱ ሰው ጭን ላይ የወደቀችው፣ ምላሷ የማያርፈው፣ ቀደመች።

«እንግዲህ ምን ትያለሽ? ከቃሏ አልወጣም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ቃሌን አስታውሺኝ አልሁሽ?»

«አላልሽኝም፤ የኛ ሥራ ነው።»

«ልጅቱ መንገዱን ረስታዋለች እኮ!»

«እኛ ደግሞ ቃልሽን አልረሳንም፤ የሷ መኪና ነው አልሽ፤ አዎ አልን። ቅጥቅጡን ብትመርጥ ኖሮ ይኼኔ ትዘፍኝብን ነበር።»

ይኸ አናደደኝ፤ ልክ ነበረችና። ወደ ሐጂ ዞርሁ። ገበያቸው የተበላሸባቸው እሳቸው ናቸው፤ ቢያንስ እሳቸው ከኔ ጋር ይቆማሉ ብዬ ነው። በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና «ሐቋ ነው እህቴ» አሉኝ። «ላቧን ያፈሰሰችበት የሷ ሐቅ ነው። የኔን መኪና ሌላ ሰው ይገዛዋል።» ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንንም አልሰደቡም። እሳቸው ቢሰድቡ ኖሮ ለኔም ይቀለኝ ነበር።

ወንድ ልጄ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት «እንግዲህ ጨርሰናል» አለ።

«አልጨረስንም» አልሁት። «ሊብሬው በማን ስም ነው?»

ፈገግታው ጠፋ። «እኔ ነኝ የምነዳው፤ ለመንገድ ትራንስፖርት፣ ለፈቃዱ፣ ለምኑ... በኔ ስም ቢሆን ይቀላል። እሷ እዚያ ናት።»

«የምትመጣበት ቀን ታውቋል፤ ውክልናም አለ። በስሟ ይሆናል።»

«እናቴ፣ አታምኚኝም?»

«አምንሃለሁ። በስሟ ይሆናል።»

«ሰው እየሰማ ነው እኮ...»

«ሰው ይስማ። እኔ የጠላሁትን መኪና እሷ ስለወደደችው ገዝቼ፣ ከገዛሁት በኋላ ደግሞ ያንተ ሊሆን ነው? እኔ ከተሸነፍሁ ለሷ ነው የምሸነፈው።»

ሴቶቹ «እሰይ!» አሉ። እሱ ጥቂት አኮረፈ፤ ጫማውን መሬቱ ላይ ፈተገ፤ ኋላ «ይሁን» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ነገር የሚቀልበትን መንገድ ይወዳል፤ የሚቀልለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ነጩ መኪና ሄድሁ። ዞርሁት። እንደገና ተንበረከክሁና ያን ጭረት አየሁት። ደላላውን ስኮርታ ጎማው የት እንዳለ ጠየቅሁት፤ አውርድ አልሁት፤ ጎማውን በጥፍሬ ተጫንሁት። ክሪኩን አሳየኝ አልሁ፤ ክሪኩ ከላስቲኩ አልወጣም ነበር፤ አስወጣሁት። ከሆዱ ሥር የሚገጠም ወፍራም ላሜራ ብረት ሳይኖር ከዚህ ግቢ ብር አይወጣም አልሁ። ደላላው «ላሜራ የኔ ሥራ አይደለም፣ እማማ፤ ውሉ ላይ የለም» ብሎ ተከራከረኝ፤ ጭረቱን የሠራኸው አንተ ነህ፣ ስትነዳው ምስክር አለኝ ብዬ ሴቶቹን አሳየሁት። ሁሉም አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላሜራውን ሊያሠራ ተስማማ። በሩን ከፈትሁና የመጀመሪያውን ወንበር ላስቲክ ጫፉን ይዤ ቀደድሁት። ልጄ «እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውንም ቀደድሁ። እውነት ነው፤ ከሥሩ እሷ ያለችው አዲስ ሽታ ይሸታል። እንዴት እንዲህ ሊሸት እንደቻለ አላውቅም።

ከመኪናው ስወርድ ደላላው ሥራው ያለቀለት መስሎት ኮፈኑ ላይ በቂጡ ተቀምጦ፣ እግሩን እያወዛወዘ ስልኩን ይነካካል። ቀለሙ ላይ የቀበቶው ብረት ሲፋቅ ሰማሁ።

«አንተ!» አልሁት።

«አቤት እማማ?»

«ከሴት ልጄ መኪና ላይ ውረድ።»